ዳዲ ውሃ ልትመታ ነው

ኦክቶፐሱ የተወጋበትን ብረት ይዞ አልለቅም አለ። ሳሆሊ ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ ትገፋለች፣ ትስባለች። ለፀሐይ ብላ ፊቷን የተቀባችው ቢጫ ቅባት ከላቧ ጋር እየቀለጠ አንገቷ ላይ ይወርዳል። ከጉድጓዱ አፍ አንድ ወፍራም ክንድ ብቅ ብሎ የእጇ አንጓ ላይ ተጠመጠመ።

«ይሄ ነገር ኦክቶፐስ ነው ወይስ ትግል የሚገጥም ጎረምሳ?» አለች ኖኤሊን ቅርጫቱን እንደታቀፈች።

«ሙድ አትያዢ፣ ይልቅ ነይና አግዢኝ።»

«እኔ ቅርጫት ያዥ ነኝ። ባሕሩ እየመጣ ነው እኮ ሳሆሊ፣ ተዪውና እንሂድ።»

እውነቷን ነበር። ጠዋት ሩቅ ሸሽቶ የድንጋዩን ሜዳ ባዶውን ጥሎት የሄደው ባሕር እየተመለሰ ነው። ቁርጭምጭሚታቸውን ይነካ የነበረው ውሃ ጉልበታቸው ሥር ደርሷል። ሳሆሊ ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ኦክቶፐስ ዓመቱን ሙሉ አላየችም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እንዲህ ላለው ነው። የብረቱን ጫፍ የጉድጓዱ አፍ ላይ አስደገፈችና በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ድንጋዩ ተሰንጥቆ የጉድጓዱ ከንፈር ተገነጠለ፤ ኦክቶፐሱም ወጣ።

አያቷ ዳዲ ዛፊሶዋ ብታይ ጉድ ነበር የሚፈላው። «አፉ የተሰበረ ጉድጓድ ባዶ ቤት ነው፤ ማንም ተመልሶ አይገባበትም» ትላለች ዳዲ፣ ሳሆሊን ብረት አያያዝ ካስተማረቻት ቀን ጀምሮ። ሳሆሊ ግን የዛሬን ብቻ አይታ ሰበረች፤ ዛሬ ከዚህ በፊት የወጋቻቸውንም ጉድጓዶች እንዲሁ ተቻኩላ ሰብራለች።

«እዚህ ክልሉ ውስጥ አይደለንም አይደል?» አለች ኖኤሊን ዙሪያዋን እያየች። «የድንበሩ ምሰሶ የታል?»

«ምሰሶውን ማዕበል ወስዶታል። ምሰሶ ምን ያደርግልሻል? ባኦባቡን እዪዋ።»

ሁለቱም ወደ የብስ ዞረው አዩ። ከመንደሩ ጀርባ ብቻውን የቆመው ባኦባብ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በስተቀኝ በኩል ወጥቶ ይታያል። ዳዲ ሳሆሊን ገና ሕፃን ሳለች ጀርባዋ ላይ አዝላ ያስተማረቻት ምልክት ነው። ባኦባቡ ከጣሪያው በስተቀኝ ወጥቶ ከታየ ደቡብ ነሽ፣ ከጣሪያው ጀርባ ከተደበቀ ሰሜን ነሽ። የተከለለው ሰሜኑ ነው።

«አየሽ? ውጭ ነን» አለች ሳሆሊ ኦክቶፐሱን ቅርጫት ውስጥ እየከተተች። «እኔ ምልክት አልስትም።»

ክልሉን የዘጉት የአንዳቮሬ ሴቶች ናቸው። ኦክቶፐሱ ሳያድግ እየተለቀመ አለቀና የሚሸጥም የሚበላም ሲጠፋ፣ የድንጋዩን ሜዳ ግማሽ ለወራት ማንም ብረት እንዳያስገባበት ዲና ቆረጡ። ዲና የመንደሩ የራሱ ሕግ ነው። ፖሊስ የለውም። ጎረቤት ግን አለው፣ ጎረቤት ደግሞ ከፖሊስ ይብሳል። ክልሉ የሚከፈተው ባሕሩ ከሁሉም ርቆ በሚሸሽበት በሚቀጥለው ትልቁ ጉድለት ነው፤ ያን ዕለት መንደሩ በሙሉ፣ አሮጊት አይል ነፍሰ ጡር፣ ብረቱን ይዞ ይወጣል። ሳሆሊ ያቺን ቀን የምትጠብቀው ከማንም በላይ ነበር። እናትና አባቷ በታንኳ ወደ ሰሜን ዓሣ ፍለጋ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ወደ ከተማው ሁለተኛ ደረጃ የምትሻገረው በዚያ ቀን ከዳዲ ጋር በሚያወጡት ኦክቶፐስ ነው። ሌላ መንገድ የላትም።

የያዙትን ባሕሩ ዳር ላይ ለገዢው መኪና ሸጡ። ሳሆሊ ትንሿን አስቀርታ ለዳዲ ወሰደችላት። ዳዲ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ሠርታ በሩዝ ስትበላ ጣቷን እየላሰች «እጅሽ ይባረክ» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሳሆሊ ከመንደሩ የውሃ ጉድጓድ ልትቀዳ ወረፋ ይዛ ሳለ ነው ነገሩ የመጣው። የኦክቶፐስ ኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ ቮላሶዋ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ክልሉ ውስጥ ገብተዋል» አለች። «ጉድጓድ አፍርሰዋል። አፋፋቸውን ገነጣጥለው፣ እንደ ጅብ።»

«ሳያውቅ የገባ ሰው ቢሆንስ?» አለች አንዷ። «ምሰሶው እኮ ወድቋል። በትምህርት ቤቱ ጣሪያ አይቶ ቢሆንስ?»

«በጣሪያው? አውሎ ነፋሱ የሣሩን ጣሪያ ከወሰደውና ቆርቆሮው አጥሮ ከተሠራ ወዲህ ማን በሱ ያያል? ያኔ ስንዘጋ ዛፊሶዋ ራሷ ተነሥታ ‹የድሮው ምልክት ሞቷል፣ ከእንግዲህ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ነው› ብላ ነግራን የለ? ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።»

ሳሆሊ ስብሰባው ትዝ አላት። ከኋላ ተቀምጣ የኖኤሊንን ፀጉር እየሠራች፣ ዳዲ ስለ ምልክት ስትናገር ‹ይሄን ለኔ ነው የሚነግሩኝ?› ብላ በሆዷ የሳቀችው ትዝ አላት። ጣሪያው አጥሯል። ካጠረ ደግሞ ባኦባቡ ክልሉ ውስጥ ላለ ሰውም ወጥቶ ይታያል። ትናንት የቆሙት ክልሉ መሀል ነበር።

«ሳሆሊ» አለች እትዬ ቮላሶዋ ድንገት ዞራ፤ «ትናንት ወጥተሽ ነበር አይደል? ትልልቅ አወጣች ሲሉ ሰማሁ። የት ነበራችሁ?»

ያኔ መናገር ይቻል ነበር። ተሳስቼ ነው እትዬ፣ ባኦባቡን አይቼ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን ዲናው ተሳሳትኩ ያለውንና ሰረቅኩ ያለውን አይለይም። የጥፋተኛው ቤት በመክፈቻው ቀን ዳር ተቀምጦ ያያል፤ ብረቱም ተወስዶ የኮሚቴው ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሳሆሊ የዳዲን ብረት እዚያ ተሰቅሎ አየችው። ከተማውንም አሰበች።

«ደቡብ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ነበርን።»

«ጎበዝ» አለች እትዬ ቮላሶዋ።

ሳሆሊ ባልዲዋን ግማሽ ብቻ ቀድታ ሄደች።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ለኖኤሊን ነገረቻት። ኖኤሊን መጀመሪያ አላመነችም፤ ቀጥሎ ተቆጣች፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ ኖኤሊን ናትና፣ መላ አገኘች።

«ዝም አይነቅዝም» አለች። «እኛን ማን ያየናል? ሰው ሁሉ ሬጺራ ነው እያለ ነው።»

«ሬጺራ ምን አደረገ?»

«ሌባ ነዋ። ዘንድሮ ባይሰርቅ አምና ሰርቋል። አታካብጂው በቃ፣ እሱ ለምዶታል።»

ሬጺራ በእርግጥ ለምዶታል። ከመንደሩ ጫፍ ብቻውን የሚኖር፣ ሰው ሲያልፍ አንድ ቃል ካልወረወረ የማያድር ምላሰኛ ነው። ሳሆሊንም ከደብተሯ ጋር ሲያያት «ይቺ ዓሣ ደግሞ ፊደል ቆጥራ ልታስተምረን ነው» እያለ ያበሽቃታል። እሷም አትወደውም። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ዝም ማለት ቀላል መሰላት። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ ይላታል፤ ዳዲ ከጎኗ ስታንኮራፋ እየሰማች ታነጋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ስብሰባ ሮቃው ዛፍ ሥር ተጠራ። ሬጺራን መሀል አቁመውታል። ጎረምሶቹ ታንኳው ይወሰድ ይላሉ። ሴቶቹ አንዷ ስታቆም አንዷ ትቀጥላለች።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ» አለች አንዷ፤ «ቆሞ ደግሞ ያየናል።»

«ለአንድ ሌባ ብለን አይደለም» አለች እትዬ ቮላሶዋ። «አንዱ ሳይታወቅ ከበላ ሌላው ‹እኔስ ምን ቤት ነኝ› ይላል። መክፈቻው ሳይደርስ ክልሉ ያልቃል። ያን ሁሉ ወራት ልጆቻችን ደረቅ ካሳቫ የበሉት ለዚህ አይደለም።»

ሬጺራ እጁን አነሣ።

«ሌባ ነኝ» አለ። «ማን አይደለህም አለኝ? የቮላሶዋን ዳክዬ ማን በላው? እኔ። የትምህርት ቤቱን ደወል ማን ሸጠው? እሱም እኔ ነኝ።» ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ሳቅ ሲሰማ ደስ አለው። «ይሄን ግን አላደረግኩም። ባልበላሁት አፌን አታብሱኝ። ካላመናችሁኝ ውሃ እንምታ። እኔ ብቻዬን አይደለሁም፣ ቤት ሁሉ ይምታ።»

ሳቁ ቀጥ አለ።

በአንዳቮሬ ሰው በብዙ ነገር ይምላል። በእናቱ ይምላል፣ በመስቀሉ ይምላል፣ ዓሣ ሲሸጥ በልጆቹ ይምላል፤ ሲዋሽም ይምላል። በውሃ ግን ማንም አይቀልድም። ሬጺራ እንኳ ዕድሜውን ሙሉ ሰርቆ ውሃ መትቶ አያውቅም። ባሕር ውስጥ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ፣ አባቶቹን ጠርቶ፣ ውሃውን በመዳፉ መትቶ የዋሸ ሰው ባሕሩ ራሱ ይፈልገዋል ይባላል። ዓይኑ እያየ በሐሰት የማለ አንድ ሰው ነበር፤ ታንኳው ብቻዋን ተመለሰች። መምህሩ ይሄ ተረት ነው ይላል። መምህሩም ቢሆን ግን ምታ ቢሉት አይመታም።

ሽማግሌው አባባ ሬማሊ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጁ ውሃ ጠርቷል» አሉ። «ውሃ ከተጠራ አይመለስም። ነገ፣ በመክፈቻው ዋዜማ፣ ከየቤቱ ታላቅ ታላቁ ይመታል። ቃሉ ይሄ ነው፤ ‹ከቤቴ ማንም ክልሉ ላይ ብረት አላስገባም፤ ከክልሉ የወጣም በቤቴ አልተበላም።› በቃ።»

የሳሆሊ ቤት ታላቅ ዳዲ ናት። ሳሆሊ ዞራ ስታያት ዳዲ ጭንቅላቷን በስምምነት እየነቀነቀች ነው።

ኖኤሊንን ታንኳዎቹ ጀርባ አገኘቻት። ኖኤሊን ዓሣ ማድረቂያው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

«አባትሽ ሊመታ ነው» አለች ሳሆሊ።

«ይምታ። እኛ ንጹሕ ነን።»

«እንዴት ነው ንጹሕ የምትሆኚው? አብረን አልነበርንም እንዴ?»

«ቃሉን ሰማሽው? ብረት ያስገባሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ቅርጫት ነው የያዝኩት። ቤትም አላስገባሁም፣ ድርሻዬን እዛው ሸጬዋለሁ።» ይሄን ስትል ግን ሳሆሊን አላየቻትም። «ደግሞ ውጭ ነን ብለሽ ያረጋገጥሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔማ ጠይቄሽ ነበር።»

«ታዲያ እኔስ? ዳዲ በልታለች እኮ ኖኤሊን። እኔ ነኝ አምጥቼ ያበላኋት።»

«ለምን አበላሻት?»

ሳሆሊ ተናዳ እንባዋ መጣ።

«ስሚ» አለች ኖኤሊን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ከተናገርሽ እኔንም ታስጠሪኛለሽ። አባቴን ታውቂዋለሽ፤ በቀበቶ ነው የሚያናግረኝ። በእናትሽ፣ ላሽ በይው። ዳዲሽ ሳታውቅ ነው የምትምለው፤ ሳታውቅ የማለን ባሕሩ ምን ያደርገዋል?»

«አይታወቅም።»

«አይታወቅማ!»

ሳሆሊ ሄደች። ከአሁን በፊት ከኖኤሊን ተጣልታ ሳትዞር ሄዳ አታውቅም።

ዳዲ ቤት ውስጥ የመክፈቻውን ቅርጫት ትጠግናለች። ዓይኗ ስለደከመ ገመዱን በጣቷ ነው የምታየው። ሳሆሊ ስትገባ በእግሯ ኮቴ አወቀቻት።

«ነይ ክሩን አሾልኪልኝ። ይሄ ቅርጫት ከተማ ያደርስሻል፤ በደንብ ካልተሠራ መንገድ ላይ ይዘረግፍሻል።»

ሳሆሊ አጠገቧ ተቀመጠች። ክሩ አልሾልክ አላት።

«ዳዲ፣ ውሃውን ሌላ ሰው ቢመታልሽስ? ጉልበትሽ ያምሻል። ማዕበል ቢገፋሽስ? እኔ ልምታ።»

ከስብሰባው ጀምሮ ይሄን ነበር የምታስበው። ራሷ ትምታ፤ የመጣው ነገር በእሷ ላይ ይምጣ። ውሸቱ የሷ ነው፣ ቅጣቱም የሷ ይሁን።

ዳዲ ሳቀች። «አንቺ? ልጅ ውሃ አይመታም። ደግሞ ለምን ብለሽ ነው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን ነው ውሃ የመታሁት። በወጣትነቴ ነው፣ የሰው ባል ቀምተሻል ብለውኝ። መታሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ክፉ አልተናገረኝም።»

«ቀምተሽ ነበር እንዴ?»

«እሱ ነው እኔን የቀማኝ» አለች ዳዲ። ከዚያ እጇን ከቅርጫቱ አነሣችና የሳሆሊን ጉልበት ፈልጋ ያዘች። «ክልሉ ይዘጋ ብዬ ከቮላሶዋ ጋር ከቤት ቤት ስዞር ሰው ስቆብኝ ነበር፤ ባሕር ይቆለፋል ወይ እያለ። ነገ ገብቼ ስመታ በአፌ አይደለም የምምለው። አንቺን ባሳደግኩበት እጄ ነው የምምለው። ደስ ብሎኝ ነው የምመታው፣ ገባሽ?»

ሳሆሊ አሁን ልትነግራት አፏን ከፈተች። ክሩን ብቻ አሾልካ ሰጠቻት። ዳዲ ደስ ብሏት ነበራ። እንዲህ ደስ ብሏት ካየቻት ስንት ጊዜዋ ነው? ‹ነገ ጠዋት እነግራታለሁ› አለች በልቧ። ጠዋት ደግሞ ጎረቤቶች ገብተው ዳዲን አጅበዋት ወጡ።

ባሕሩ እየጎደለ ነበር። መንደሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ቆሟል። አባባ ሬማሊ ሩም አረቄ መሬት ላይ አፍስሰው፣ የሞቱትን በየስማቸው ጠርተው ጨረሱና ወደ ጎን ተቀመጡ። ከሰሜን ጫፍ ያለው ቤት ጀመረ። አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ቃሉን ይላሉ፣ ውሃውን ይመታሉ፣ ይወጣሉ።

ሬጺራ ተጠራ። የሚቀልድ መስሎት ሰው ሁሉ ጠበቀው። አልቀለደም። ውሃውን መታ፤ ሲወጣ ደግሞ ማንንም ሳያይ ራቅ ብሎ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ጎረምሶቹ ተያዩ። አንዱ «እሱስ ቢምል ምን ዋጋ አለው» ብሎ አንሾካሾከ።

የኖኤሊን አባት ገባ። ግዙፍ ሰው ነው፣ ድምፁም እንደዚያው። «ከቤቴ ማንም ክልሉ ላይ ብረት አላስገባም» ሲል ሳሆሊ ኖኤሊንን አየቻት። ኖኤሊን የሽርጧን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ቆማለች። አባቷ ውሃውን ሲመታ ጨፈነች። ንጹሕ ነኝ ያለች ልጅ ለምን ትጨፍናለች? ሳሆሊ ይሄን ስታይ ጓደኛዋን መጥላት አቃታት፤ ራሷን ያየች ያህል ነው የተሰማት።

«የዛፊሶዋ ቤት» አሉ አባባ ሬማሊ።

ዳዲ የቀሚሷን ጠርዝ ሰብስባ ያዘች። እትዬ ቮላሶዋ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ «ተዪኝ፣ ባሕር አስተዋውቂኝ አልኩሽ?» ብላ ብቻዋን ገባች። ሰው ፈገግ አለ። ሁሉም ይወዳታል፤ ከመሐላው ይልቅ እንዳትወድቅ ነው የፈሩላት። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ወደ ጉልበቷ ወጣ። ቆመችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እኔ ዛፊሶዋ» አለች፤ ቀጥላም የእናቷን ስም፣ የእናቷን እናት ስም ጠራች። ድምጿ ቀጭን ቢሆንም አልተንቀጠቀጠም። እጇን ወደ ላይ አነሣች።

ሳሆሊ እግሯ እንዴት እንደተነሣ አታውቅም። አልሮጠችም፤ ብትሮጥ ዳዲ ትደነግጣለች። እየተራመደች ውሃው ውስጥ ገባች። ከኋላዋ አንዲት ሴት «ልጅት፣ ወዴት ነው?» አለች። አባባ ሬማሊም በትራቸውን አሸዋው ላይ ሁለቴ መቱ። ዞራ አላየችም። ዳዲ ጋ ስትደርስ የተነሣውን እጇን ከላይ ያዘችው።

«ዳዲ፣ አትምቺ።»

«ምን ሆነሻል? ልቀቂኝ፣ ሰው ያያል።»

«እኔ ነኝ» አለች ሳሆሊ። «ጉድጓዶቹን የሰበርኳቸው እኔ ነኝ። በጣሪያው ነው ያየሁት። ያ የሠራሽው ኦክቶፐስ፣ ያ እጅሽ ይባረክ ያልሽኝ… ከክልሉ ነው ያመጣሁት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዋሸሁ።»

ዳዲ አላየቻትም። ውሃውን ነው ያየችው። ሳሆሊ ከተነሣው እጅ ጥፊ ጠበቀች፤ ቢመጣ ደስ ባላት። ዳዲ ግን እጇን ቀስ ብላ አወረደችው፤ ውሃውን እንዳይነካ ተጠንቅቃ አወረደችውና የሳሆሊን ትከሻ ያዘች። እጇ ከመቼውም ይልቅ ከባድ ነበር። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ሁሉ ጠፍቷል። ‹ያን ያጠፋሁት እኔ ነኝ› አለች ሳሆሊ በልቧ።

«ምንድን ነው የምትለው?» ተባለ ከአሸዋው። «ምን አለች? አልተሰማም።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች ዳዲ በቀስታ፣ ለሳሆሊ ብቻ። ጉንጯ ላይ እንባ ነበር፤ አልጠረገችውም። «እነሱ ግን አልሰሙም። ዙሪና ንገሪያቸው። እኔ ይዤሻለሁ።»

ሳሆሊ ዞረች። መንደሩ ሁሉ ያያታል። እትዬ ቮላሶዋ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሬጺራ ከተቀመጠበት ተነሥቷል። ኖኤሊን ከአባቷ ጎን ቆማ፣ ሽርጧን ከጥርሷ ለቅቃ፣ ስሟን ትጠራባት እንደሆነ እየጠበቀች፣ አትጥሪኝ እንደማለት ጭንቅላቷን ትንሽ ትንሽ ትነቀንቃለች። ሳሆሊ ዓይኗን ከእሷ ላይ አነሣች።

«ክልሉ ላይ ብረት ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ከሁሉም ኋላ የቆመው እንዲሰማ አድርጋ።